የባለካባው የመጨረሻ ክፍል

የካባ ከፋይ በፊቱ አይተኮስም። ይገለበጥና እርጥብ ጨርቅ ይለብሳል፣ ካውያው ሳይጫነው ከላይ ከላይ ይሄድበታል፣ ያኔ ከጨርቁ የሚወጣው እንፋሎት ዝናብ የነካው ሱፍ ሱፍ ይሸታል፤ ጥር ገብቶ ሙሽሮች ካባቸውን ለመለካት በሚመላለሱበት ሰሞን ፒያሳ ያለችው ጠባብ ሱቄ ከዚህ ሽታ ሌላ አየር የላትም። ልብስ ሰፊ ነኝ። ካባ እሰፋለሁ፣ ያውም ጎንደር ውስጥ ካባ ከሚሰፉት ሁሉ የተሻለውን እሰፋለሁ፤ ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፣ ደንበኞቼን ጠይቁ። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው።

ባለፈው ጥር አንድ ከሰዓት፣ የአንድ ሙሽራ ቀይ ካባ ገልብጬ በእንፋሎት እያሻሸሁ ሳለ ልጄ ቤዛ ስልኳን ከፍ አድርጋ እየሮጠች ገባች። ቤዛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ከትምህርቷ በተረፋት ጊዜ የድሮ ፊልሞችንና የቴሌቪዥን ተከታታዮችን ከኢንተርኔት እየፈለገች ታይና ዛሬም ይታያሉ ወይስ ጊዜ አልፎባቸዋል እያለች በቪዲዮ ትፈርዳለች። ተከታይዋ ብዙ ነው፤ ምላሷ ደግሞ የአክስቷ ምላስ ስለሆነ እሷ የፈረደችበት ነገር መቼም ተመልሶ አይነሳም።

«አባዬ፣ አገኘሁት! ባለካባውን አገኘሁት! ሁሉም ክፍል አለ!»

ከመዳፍ በማትበልጠው ስክሪን ላይ በልጅነቴ በቴሌቪዥን ያየሁት ሰው ከጣሪያ ዘለለ፣ ካባውም ከኋላው ተዘረጋ። ካውያውን ከፋዩ ላይ ረስቼ አቃጠልኩት ብላችሁ ያምርልኝ ነበር፣ ግን እኔ ካባ አላቃጥልም፤ ካውያውን በወጉ አቁሜ፣ እጄን በሱሪዬ ጠርጌ፣ ስልኩን ተቀበልኳትና የጎልማሳ ሰው ልቤ እንደ ሕፃን ሲመታ ሰማሁት። ቤዛ እሑድ ዘመድ ሁሉ ቤታችን ተሰብስቦ በትልቁ ቴሌቪዥን እንዲያየው፣ እሷም ፊታችንን እየቀረጸች ፍርዷን እንድትሰጥ አሰበች። እኔም ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ። እሺ ካልኩ በኋላ ግን ያን ቀን በሙሉ መርፌው እጄን ሲወጋኝ ዋለ፣ ምክንያቱም እታለም ፋንታን አስታወስኩ።

እታለም ፋንታ ታላቅ እህቴ ናት። ባለካባውን ለሰፈራችን ያስተረጎመችው እሷ ናት፤ እኛ የምናውቀው ባለካባ በሙሉ ከእሷ አፍ የወጣ ነው። ያን ጊዜ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ዛሬ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆና ስንቱን ልጅ ለቁም ነገር ያበቃች፣ በመንገድ ስታልፍ ሰው ብድግ የሚልላት ሴት ናት፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ምን ያህል እንግሊዝኛ እንደሚያውቅ ግን እኔም ልጅ ትምህርት ቤት ልኬ ስላየሁ፣ ቤዛ ካሜራዋን ደግና ከሥር በሚጻፈው ጽሑፍ የአክስቷን ትርጉም ስትመዝነው ምን እንደሚገጥመን ገመትኩ። እህቴ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ልጄ ካሜራ ፊት እንድታፍር አልፈለግሁም። የተጨነቅሁት ለፊልሙ አልነበረም።

ቤታችን አዲስ ዓለም ነበር፣ ወደ ቀሃ ወንዝ በሚወርደው ዳገት ላይ፤ አጥራችን ከሐጅ ይማም አጥር ጋር አንድ ነበር። ሐጅ ይማም የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፣ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ጨርቅ ሲለኩ ለገዢው ሁልጊዜ ስንዝር የሚያህል የሚጨምሩ ሰው። በሰፈሩ አንዱ ቴሌቪዥን የእሳቸው ነበር። እንደ ቁም ሳጥን በር ነበረው፣ በሩም ቁልፍ ነበረው፣ ቁልፉም በባለቤታቸው በእትዬ ከድጃ መቀነት ጫፍ ታስሮ ነበር የሚኖረው፤ በላዩ ላይ በዳንቴል ሥራ የተሸፈነ፣ በዳንቴሉ ላይ ደግሞ ከወለቃ የተገዛ የሸክላ አንበሳ የተቀመጠበት፣ እኛ ልጆች ከቤተ መንግሥቱ ግንብ ቀጥሎ በከተማው ያለ ትልቅ ነገር የሚመስለን ዕቃ ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ከድጃ ቁልፉን ከመቀነታቸው ሲፈቱ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማ የነበረ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ምንም ጥሪ ሳይኖር ግቢው ይሞላ ነበር። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ትልልቆቹ ፍራሽ ላይ፣ ልጆች ምንጣፍ ላይ፤ የእኛ ሰዎች ሲጾሙ እትዬ ከድጃ ወተት ያልገባበት ሻይ ለይተው ያመጣሉ፣ በረመዳን ደግሞ እናቴ ሳይነገራት እኛን ልጆቹን ቆሎ እንዳንቆረጥም በዓይኗ ታስረናለች። ማንም ይህን መከባበር ብሎ ስም ሲሰጠው ሰምቼ አላውቅም፤ እሑድ የሚደረግ ነገር ነበር።

ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነበር፣ ከሥሩም የሚጻፍ ነገር አልነበረውም። መጀመሪያ ሰሞን ዝም ብለን ነበር የምናየው፤ ሰውዬው ይዘላል፣ ይማታል፣ ካባው ይውለበለባል፣ እኛ እናጨበጭባለን። ነገሩ የተበላሸው ወይም የተቃናው፣ እናቴ አንድ እሑድ እንዝርቷን እያሾረች ስትመለከት ቆይታ ድንገት «ምነው ካባ ለበሰ? ማን ሸለመው?» ብላ የጠየቀች ጊዜ ነው። ጥያቄው የሁሉም ጥያቄ ሆነ። ጎንደር ውስጥ ካባ እንደ ሸሚዝ ከገበያ ተገዝቶ አይለበስም፤ ሙሽራ ይለብሰዋል፣ ካህን ይለብሰዋል፣ ወይም አንድ ትልቅ ነገር የሠራ ሰው በአደባባይ ያለብሱታል፤ እንግዲህ ይህ ሰው ሙሽራ ካልሆነ ሚስቱ የታለች፣ ካህን ካልሆነ ምነው ይማታል፣ ተሸልሞ ከሆነ ደግሞ ምን ሠርቶ ነው? ሐጅ ይማም ፊታቸውን ወደ ተማሪዋ አዞሩ። «ፋንታዬ፣ አንቺ ቋንቋውን ትማሪያለሽ። ምን እያለ ነው?»

እህቴ ያኔ አላውቅም ማለት ትችል ነበር። ግን ያ ሁሉ ሰው ዓይኑን ጥሎባት፣ እናቴም በኩራት እንዝርቷን አቁማ እየጠበቀች ሳለ፣ ከሰውዬው ንግግር ውስጥ «አባት» የሚለውን ቃል ብቻ የሰማች ልጅ አፏን ከፈተች። ሰውዬው የሸማኔ ልጅ ነው አለች። አባቱ ሲሞት አጎቱ ርስቱን ነጠቀው፤ እሱ ግን ለራሱ ርስት ከመሟገት የሌላውን የተነጠቀ ሊያስመልስ ተሳለ፤ የአገሩ ሰውም በመጀመሪያ የረዳቸው ባልቴቶች ጥጥ አዋጥተው፣ ፈትለው፣ አሸምነው ይህን ካባ አለበሱት። ቤቱ ውስጥ ትልቅ ትንፋሽ ወጣ። ርስት የተነጠቀበት ዘመድ የሌለው ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረምና፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለካባው የእኛ ሰው ሆነ።

ከዚያ በኋላ እታለም ፋንታ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ተሰጣት፣ ሻይም ከትልልቆቹ ጋር ይቀዳላት ጀመር። የምታስረዳው እንዲህ ዝም ብሎ አልነበረም፤ ትንሽ ትጠብቃለች፣ ራሷን ዘንበል ታደርጋለች፣ ከዚያ በረጋ ድምፅ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት አድርጋ ትነግረናለች። ዓይኑን ለምን በጥቁር ጨርቅ እንደሚሸፍን ስትጠየቅ፣ የረዳው ሰው ውለታ አለብኝ ብሎ እንዳይሳቀቅ ነው አለች፤ ሐጅ ይማም ይህን ሲሰሙ ጺማቸውን እየዳበሱ «ሸጋ ሰው ነው፣ የሚሰጥ ሰው እንዲያ ነው» አሉ፣ እናቴም በእሳቸው ቃል ተስማማች። ክፉው ሰውዬ ነጭ ሽርጥ ለብሶ የሚያንቀሳቅሳት ትልቅ ማሽን የወፍጮ ቤት ሆነች፤ አጎትየው የድሆቹን እህል አልፈጭ ብሎ ሕዝቡን በረሃብ ሊያስገብር ነው ተባለ። መብራት ጠፍቶ ፊልሙ ከመሃል ሲቋረጥ እንኳ እሷ አታቋርጥም ነበር፤ በጨለማው ውስጥ ቀሪውን ትነግረን ነበር፣ ያን ጊዜ እንዴት አወቅሽ ብሎ የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም።

እኔ ዓይኔ ከካባው ላይ አይነሳም ነበር። ባልቴቶች ጥጥ አዋጥተው የሠሩት ካባ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ትከሻው ላይ በምን እንደሚያዝ፣ ሲዘል ለምን እንደማይጠልፈው እያሰብኩ ትምህርት ቤት እውልና ማታ በእናቴ ቁራጭ አቡጀዲ ለራሴ እሞክር ነበር። ሐጅ ይማም አንድ ቀን አይተውኝ ሳይስቁ ትራፊ ጨርቅ ሰጡኝ፣ እንዴት እንደሚቆረጥም አሳዩኝ። ዛሬ ሰው መቀስ አያያዝህን ማን አስተማረህ ሲለኝ የምጠራው የእሳቸውን ስም ነው።

በዚያ ዓመት ታላቅ ወንድማችን አያ ደምሌ፣ ክረምቱ ገና ሳይገባ፣ በአይከል አድርጎ ወደ መተማ ቆላ ወረደ። ለሰሊጥ አረም ነበር የሄደው፣ አብረውት ከሰፈሩ ሌሎች ጎረምሶችም ነበሩ። አባታችን ከሞተ ወዲህ ቤቱን የያዘው እሱ ነበር፤ እናቴ ለሸማኔ የምትፈትለው ፈትል ብቻውን አያኖረንም ነበር። ክረምቱ መንገዱን ዘጋው፣ መስከረም አልፎ አጨዳ ደረሰ፣ ኅዳር ላይ አብረውት የሄዱት ልጆች ጠቁረውና ሰሊጥ ተሸክመው ሲመለሱ እሱ አልነበረም። ወባ ጥሎት ነበር አሉ፤ ከእርሻው ወደ ጤና ጣቢያ ሲወስዱት አይተነዋል አሉ፤ ከዚያ ወዲህ አላየነውም አሉ። ይህን ሲናገሩ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

እናቴ ከዚያ በኋላ ስለ ደምሌ ማንንም አልጠየቀችም። ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ተመልሳ ትፈትላለች፣ ትክል ድንጋይ ከሚኖሩት እህቶቿ ዘንድ ሰው ሲመጣ ቶሎ ብላ ፊቱን ታያለች፣ ፊቱ ላይ ምንም ካላየች ትመለሳለች። ጎረቤቱ በሙሉ እሷን ሲያገኝ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ጀምሮ ነበር። አንድ ቀን በንጋት የኮቴ ድምፅ ሰምታ ከአልጋዋ ላይ ቀና ብላ ስትቀመጥ አየኋት፤ መርዶ የሚነገረው በንጋት ነውና። ያለፈችው ላሟን ልትሸጥ የምትነዳ ሴት ሆነችና እናቴ ተመልሳ ተኛች፣ ግን እንቅልፍ የወሰዳት አይመስለኝም። ጥያቄዋን ሁሉ ያዞረችው ወደ ባለካባው ነበር። እሑድ እሑድ ሌላው ሰው ክፉውን ሰውዬ ሲሰድብ እሷ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ዛሬ በደህና ይገባል?» እህቴም ሁልጊዜ «ይገባል» ትላት ነበር።

የመጨረሻውን ክፍል እንደ ትናንት አስታውሰዋለሁ፣ ወይም እስካለፈው ጥር ድረስ የማስታውሰው ይመስለኝ ነበር። የገና ጾም ነበር፣ ብርድ ነበር፣ ክፍሉም ከወትሮው ሞልቶ ነበር። የሐጅ ይማም ታላቅ ልጅ ኑሩ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የነበረው፣ ለዕረፍት መጥቶ በር አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ እህቴ እሱን ስታይ ድምፅዋ ትንሽ ሲዝል ሰምቼአለሁ። ባለካባው ከረጅም ፎቅ ላይ ከክፉው ሰውዬ ጋር ተያይዞ ወደቀ። ነጭ ሽበት ያለው ሽማግሌ መጥቶ ካባውን ከላዩ ላይ ሳበለት። ከዚያ ብዙ ሰው በቀስታ ሲሄድ ታየ፣ ከፊታቸው ረጅም ሳጥን ለስድስት ተሸክመውታል፣ ሴቶች በጥቁር ሻሽ ያለቅሳሉ። የእናቴ እንዝርት ቆመ።

እህቴ ራሷን ዘንበል አደረገች፣ እንደ ልማዷ ትንሽ ጠበቀች። «ቆስሏል» አለች። «ሐኪም ቤት እየወሰዱት ነው።» እኔ ነበርኩ የጠየቅሁት፣ ሳጥኑ ምንድነው ብዬ። እዚያ አገር ብርዱ ከእኛ ደባርቅ ይብሳል፣ በሽተኛ መንገድ ላይ እንዳይበርደው በሳጥን ይወሰዳል አለች። ምነው ያለቅሳሉ ታዲያ? እንኳን ተረፈ ብለው ነው አለች፤ ሐኪሙ ጾሙ ሲፈታ ይነሳል ብሏቸዋል። በር አጠገብ ኑሩ አሳለው፣ እናቱም ሻይ ሰጡት። ሐጅ ይማም ደግሞ ብድግ አሉና «በሉ የመግሪብ ሰዓት ደረሰ» ብለው የቴሌቪዥኑን በር ዘጉት። እኔ ሰውዬው ከሐኪም ቤት ሲወጣ ሳላይ መቅረቴ እስከ ቤት ድረስ አስለቀሰኝ። ለብዙ ዓመት ሐጅ ይማምን የማልወድበት አንዱ ነገር ያ ነበር፤ ፊልም እየታየ በሩን ዘግተው አያውቁም ነበር፣ ሶላታቸውን እኛን ትተው ወደ ጓዳ ገብተው ነበር የሚሰግዱት።

አያ ደምሌ ገና ሊደርስ ሲል መጣ። በአይከል ጭነት መኪና ላይ፣ ሸንበቆ አክሎ፣ ዓይኑ ብጫ ሆኖ፣ ግማሽ ጆንያ ሰሊጥ ይዞ ወረደ፤ እናቴ ግን ጆንያውንም መክሳቱንም አላየችም። ባለካባው አልቆ ስለነበር እሱ አንዱንም ክፍል ሳያይ ቀረ፣ በዚህም የተነሳ ዕድሜውን በሙሉ ስለዚያ ሰው ስንተርክለት «እናንተ ፊልም ስታዩ እኔ ወባ አየሁ» እያለ ሲቀልድብን ኖረ።

እንግዲህ ቤዛ የሰበሰበችን እሑድ ዋነኛው ተመልካች አያ ደምሌ ነበር። ዛሬ ጸጉሩ ነጭ ነው፣ ሳቁ ግን ከግቢ ውጭ ይሰማል። እታለም ፋንታ መነጽሯን አድርጋ፣ ነጠላዋን ሰብስባ፣ ከቴሌቪዥኑ ፈቀቅ ያለ ቦታ ላይ ተቀመጠች። ቤዛ ስልኳን በእንጨት ላይ አቁማ መቅረጽ ጀመረች።

እውነቱን ልናገር፣ ፊልሙ ቀሽም ነው። ያን ጊዜ በደበዘዘው ስክሪን ያላየነው ሽቦ ሰውዬው ሲበር ከጀርባው ግልጥ ብሎ ይታያል። ሰውዬው በየሳምንቱ የሚዘልላቸው ጣሪያዎች ሁሉ አንድ ጣሪያ ናቸው፣ ጭስ ማውጫውም ሲገፋ ይነቃነቃል። ካባው! ካባው የመጋረጃ ጨርቅ ነው፣ ጠርዙ በችኮላ የተሰፋ፣ አንገቱ ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘ፤ እኔ እንዲህ ያለ ካባ ከሱቄ ቢወጣ ሱቄን እዘጋለሁ። ታሪኩ ደግሞ ባሰ። ሰውዬው የሸማኔ ልጅ አይደለም፣ ሥራ ያጣ የሀብታም ልጅ ነው። ክፉው ሰውዬ አጎቱ አይደለም፣ ርስት የሚባል ነገር የለም፤ ወፍጮ ቤቷም ከተማውን በበረዶ ልታደርቅ የተሠራች ማሽን ናት። ዓይኑን የሚሸፍነው ፖሊስ እንዳያውቀው ነው። ቤዛ ከሥር የሚጻፈውን እያነበበች ታስረዳናለች፣ አያ ደምሌ ሆዱን ይዞ ይስቃል፣ «ፋንትዬ፣ ርስቱስ? ርስቱ የታለ?» እያለ ይቆሰቁሳታል። እህቴም ፈገግ ትላለች። እኔ ግን ውስጤ ጨሰ። ቤዛን ካሜራውን አጥፊው ልላት አሰብኩ፣ አክስቷ ከመነጽሯ በላይ አየችኝና ተውኩት።

ከዚያ የመጨረሻው ክፍል ደረሰ። ሰውዬው ወደቀ፣ ሽማግሌው መጣ፣ ካባውን ሳበ። በጠራው ትልቅ ስክሪን ላይ ግን ያኔ አየሁ ብዬ የማስታውሰው ነገር አልነበረም፤ ሽማግሌው ካባውን ወደ ላይ ሳበና ፊቱን ሸፈነበት። ሳጥኑ ሬሳ ሳጥን ነበር። ከዚያ ሐጅ ይማም በሩን ስለዘጉ ያላየሁት መጣ፤ ጉድጓድ፣ አፈር፣ በድንጋይ ላይ የተጻፈ ስም። ቤዛ ወደ እኔ ዞር አለች። «አባዬ፣ ሞቷል እኮ። ከሐኪም ቤት ወጣ አላልከኝም?»

ብያታለሁ። ሕፃን ሆና ሳስተኛት ብያታለሁ። እኔ ራሴ እኮ የዕድሜዬን አብዛኛውን ያ ሰው በሆነ አገር ጾም ፈትቶ ከአልጋው መነሳቱን ሳልጠራጠር ነው የኖርኩት። ወደ እህቴ አየሁ፣ አያ ደምሌም ሳቁን አቁሞ አየ።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለች እታለም ፋንታ፣ ተማሪ እንደምትገሥጽ ሁሉ። «ልጇ ቆላ ቀርቶባት የተቀመጠች እናት ፊት፣ ያውም በምሽት፣ እኔ ነኝ መርዶ ነጋሪ? መርዶ በምሽት ይነገራል? ሽማግሌ በሌለበት ይነገራል?»

ይህን ሕግ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሞት የሰማ ሰው አፉን ይይዛል፣ ዘመድ ተፈልጎ ይሰበሰባል፣ የሐዘኑ ባለቤት ያችን ሌሊት ሳያውቅ እህል ቀምሶ ይተኛል፣ ነግቶ ሰው ሲከበው ብቻ ይነገረዋል። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ ይህን ሕግ በቴሌቪዥን ውስጥ ለሞተ ፈረንጅ አከበረችለት። ኑሩስ አልኳት፣ እሱ ቋንቋውን ያውቅ ነበር። ያውቃል አለች፤ አፉን ሲከፍት አየሁት፣ እናቱ ሻዩን ሰጥተው ዘጉት። ሐጅ ይማምስ? «ሐጅማ እናታችን ጉድጓዱን ከማየቷ በፊት በሩን ዘጉልኝ። ትልልቆቹ ሁሉ እኮ አይተዋል። ሬሳ ሳጥን የማያውቅ ማን አለ? አንተ ብቻ ነበርክ ያመንከኝ።»

አፈርኩ ብል ውሸት ነው፤ ኮራሁ። በዚያች ምንጣፍ የተነጠፈባት ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ከነበሩት መስጊድ ሄያጅና ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፣ ተማሪና ማይም፣ አንድ እንኳ የልጅቱን ቃል ያረመ ሰው አልነበረም። ያ ቤት ዛሬ ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል፣ ሐጅ ይማምና እትዬ ከድጃ አልፈዋል፣ እናቴም አልፋለች። ባለፈው ዓመት የጎረቤታችን ልጅ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦ ሲሞት፣ ሽማግሌዎቹ እንዴት አድርገን ለነገ እናድርሳት እያሉ በር ላይ ሲማከሩ፣ እናቲቱ ወጥ እያማሰለች ፎቶውን ሻማ ተደርጎበት ስልኳ ላይ አየችው፤ የላኩላትም ሰዎች ክፉ አልነበሩም፣ ቀድመው የሰሙ ሰዎች ብቻ ነበሩ። ጩኸቷን ሱቄ ሆኜ ሰማሁት። ፊልሙ ዛሬም ይታያል ወይ ለሚለው መልሱ አይታይም ነው፣ ቤዛ ትክክል ናት፤ ያ ፊልም የታየበት ቤት ግን ዛሬ ከየትም አይገኝም፣ ይህ ነው የሚቆጨኝ።

ቤዛ መቅረጫውን ራሷ አጠፋችው። ማንም አላዘዛትም። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ አክስቷን ጠየቀቻት፤ «አያቴ ግን አምነውሽ ነበር?»

እታለም ፋንታ መነጽሯን አወለቀች። ይህን ለማንም ተናግራው እንደማታውቅ ገባኝ፣ ምክንያቱም ከመጀመሯ በፊት አያ ደምሌን አየችው። ያን ምሽት ከሐጅ ቤት ስንወጣ እኔ እያለቀስኩ ቀድሜ ሮጬ ነበር። እናቴ በሁለቱ ግቢ መካከል ባለው በር ላይ ቆም አለች፣ የእህቴንም እጅ ያዘች።

«አይቻለሁ ልጄ» አለቻት። «ሳጥን አላውቅም ብለሽ ነው? ግን ተባረኪ፣ ዛሬን አሳደርሽኝ።»

አያ ደምሌ ከተቀመጠበት ተነሳ። በእኛ ወግ ታናሽ ነው የታላቁን ጉልበት የሚስም፤ እሱ ደግሞ የሁላችን ታላቅ ነው፣ ለማንም ዝቅ ሲል አይቼው አላውቅም። ክፍሉን አቋርጦ ሄደ፣ በሁለት እጁ ወንበሯን ተደግፎ ወረደና የታናሽ እህቱን ጉልበት ሳመ። እሷ «ኧረ ነውር ነው፣ ተነስ» እያለች ትከሻውን ብትጎትተውም አልተነሳም።